ዳማና የስድስተኛው እጥፍ ውሃ

በአንድ ወቅት፣ መኪና ከነዳጅ ይልቅ በሰው ጉልበት ይሄድ በነበረበት አገር፣ ዳማ የምትባል አሮጌ ፒካፕ ነበረች። ዳማ ያሏት እንደ ዳማ ፈረስ በቀላው ቀለሟ ነው እንጂ የቀረው ነገሯ ፈረስን ያሰድብ ነበር። ስታስል የሦስት አጥቢያ ንብ ቀፎውን ጥሎ ይሰደዳል። ዕድሜዋን የጠየቀ እንደሆነ፣ ያገሬው ሰው «ተራራው ሳይበቅል የነበረች ናት» ይለዋል።

መንደሩ ከታች ነው፤ ገበያውና ሆስፒታሉ ከላይ። በመካከሉ ሰባት ጊዜ የሚታጠፍ ዳገት አለ። ዳማ ሦስተኛው እጥፍ ላይ ስትደርስ ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል፤ ተቀምጦ የሚሄደው በግና ዶሮ ብቻ ነው። ገበያተኛውን «ዛሬ በምን መጣህ?» ቢሉት፣ «ዳማን ይዣት መጣሁ» ይላል እንጂ «በዳማ መጣሁ» አይልም።

ሳቁ ግን ስድስተኛው እጥፍ ላይ ያልቃል። እዚያ የድንጋይ ክምር አለ። የዳማ ባለቤት ጋሽ ዘርጋው ሚስታቸውን ጠጄን በምጥ ይዘው ሲወጡ፣ ዳማ እዚያ ላይ ቆመች። የሚገፋ ሰው ከታች ተጠርቶ እስኪመጣ ጠጄ አረፈች። ሕፃኑ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ በዚያ የሚያልፍ ሁሉ አንድ ድንጋይ ያስቀምጣል።

ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። ጋሽ ዘርጋው ታመው አልጋ ላይ ሲወድቁ ሦስት ልጆቻቸውን ጠሩ፤ ገበሬውን መርሻን፣ የወፍጮ ቤቷን ይመኙሻልን፣ ያንን የተረፈውን ሕፃን፣ ሾፌሩን ልጃለምን። ሦስት ሽማግሌም አስቀመጡ።

«ዳማ አትሸጥም፣ አትከፈልም» አሉ። «ሰባቱን እጥፍ ሰው ሳይገፋት ያወጣት፣ እሱ ይውሰዳት።»

ልጆቹ ተያዩ። ዳማ ሌላ ሞተር ካልገባላት በስተቀር እንኳን ሰባቱን፣ ሦስቱንም አትወጣም።

መርሻ ውሎ አላደረም። ሁለቱን የእርሻ በሬዎቹን ነድቶ ላይ ከተማ ወጣ። አሮጌ ብረት ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ሁለት ሞተር አገኘ። አንዱ ትንሽ ነው፤ ሞተር የሚያበርደውን ውሃ የሚይዘው ራዲያተሩ ሳይቀር ሙሉ ነው። ሌላው ገደል ከገባ የጭነት መኪና የወጣ፣ ወይፈን የሚያህል ነው፤ ራዲያተሩ ግን እንደ ቂጣ ተጠፍጥፏል። ብረት ሻጩ «ትንሹ ይበቃሃል» አለው። መርሻ ሞተሮቹን አየ፤ ዞሮ በሬዎቹን አየ።

«ሁለት በሬ ሰጥቼ ፍየል ይዤ ልግባ?» አለና ትልቁን ወሰደ። አርባ ሰው ተሸክሞ አወረደው፤ ሌላ ተራኪ ቢሆን ሰማንያ ይላችሁ ነበር። የመርሻ ማሳ በዚያ ዓመት ጦሙን አደረ።

ሞተሩን የሚያስገባው ማን ነው? በመንደሩ ጋራዥ የለም። ወፍጮ ቤት ግን አለ፤ የወፍጮውን ሞተር ትንፋሹን ሰምታ ሕመሙን የምታውቅ ይመኙሻል ናት። የመኪና ሞተር ግን ነክታ አታውቅም። አሮጌውን ስታወጣው ሁለት የአይጥ ጎጆና ከአሥር ዓመት በፊት የጠፋ የአንገት መስቀል አብሮ ወጣ። አዲሱ አልገባም አለ። የፊቱን ብረት ቆርጣ አሰፋችለት፤ የሚቀመጥበትን ከማረሻ ብረት ቀጥቅጣ ሠራች። በሃያ አንደኛው ቀን ሞተሩ ተነሣ። ምድር ተንቀጠቀጠች፤ ዶሮዎች ያልደረሰ እንቁላል ጣሉ። በደስታ ጎንበስ ስትል የሚሽከረከረው የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሁለት ጣቷን ይዞ ሄደ።

«አንቺ ልጅ፣ ጣቶችሽ!» አለ መርሻ፣ እጇን በነጠላዋ እያሰረ።

«ስምንቱ ይበቁኛል፣ ጋሼ።»

ነገር ግን ያየችው ነገር ነበር። የሙቀቱ መለኪያ ዳማ ቆማ እንኳ ወደ ላይ ይወጣል። ራዲያተሩ የዱሮው ነዋ! ለወይፈን በድመት ሳህን ውሃ እንደማቅረብ ነው። ወፍጮዋ በርሜል ሙሉ ውሃ አጠገቧ ተቀምጦላት ቀኑን ሙሉ ትጮኻለች፤ ይመኙሻልም «ዳገቱ አንድ ኩንታል ከመፍጨት አይበልጥም» ብላ ልቧን አታለለችው። ዳማ ላይ በርሜል እንደሌለ ጠፍቷት አይደለም። በታሰረ እጅ ሞተሩን እንደገና መፍታት አስፈራት። መርሻ «ድሮም የወንድ ሥራ ነው» የሚላትን ደግሞ ከዚያ ይብስ ፈራችው። ዝም አለች።

ሦስት ቀን ሳይሞላ ጋሽ ዘርጋው ሕመሙ ጠናባቸው። ውስጣቸው እየነደደ «ውሃ፣ ውሃ» ይላሉ። ልጃለም መሪውን ያዘ። ይመኙሻል አባቷን ትከሻዋ ላይ አስደግፋ ከጎኑ ተቀመጠች። መርሻ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ካሶኒ ላይ ወጣ። ሁለት ጀሪካን ጫኑ፤ ለዳማ የወንዝ ውሃ፣ ለአባታቸው ጸበል።

«ጋሽ ዘርጋው፣ እንግፋ ወይ?» አሉ ጎረቤቶች በልማዳቸው።

«ዛሬስ እናንተን ጎትታ ታወጣለች!» አለ ልጃለም።

ሦስተኛውን እጥፍ ዳማ እንደ ነብር ዘለለችው። ጋሽ ዘርጋው ሕመማቸውን ረስተው ፈገግ አሉ። «ጠጄ ይህን ባየች» አሉ። አራተኛው ላይ ፈላች፤ የወንዙን ውሃ አንድ ሳታስቀር ጠጣችው። ስድስተኛው ላይ፣ ከድንጋዩ ክምር ፊት ለፊት፣ ነጭ እንፋሎት ተፍታ ቆመች። መርሻ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ጣለ። ወንዙ ከታች፣ ከተማው ከላይ፣ ሁለቱም በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ናቸው። ሞተሩ እስኪበርድ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ይመኙሻል የምታየው መለኪያውን ብቻ ነበር።

«ውሃ» አሉ ጋሽ ዘርጋው። እጃቸውን ወደ ጸበሉ ዘረጉ።

ልጃለም ጀሪካኑን አነሣ። ወደ አባቱ ግን አልሄደም፤ ወደ ኮፈኑ ሄደ።

«ልጃለም! አንድ ጉንጭ አስቀርላቸው!» አለች ይመኙሻል።

«አንድ ጉንጭ አያድናቸውም፣ እትዬ። የሚያድናቸው ሐኪም ነው።»

«ውሃ የጠየቁህ አባትህ ናቸው!» አለ መርሻ።

«እናቴም እዚህ ነው የቀረችው። እሳቸውን እዚህ አላስቀርም።»

የራዲያተሩን ክዳን በጋቢው ጠቅልሎ ከፈተና ጸበሉን አፈሰሰው። ዳማ ጠጣች። ጀሪካኑን ገልብጦ አራገፈው፤ የመጨረሻዋም ጠብታ ገባች። ጋሽ ዘርጋው በጎኑ መስታወት ሲያዩ ነበር። የዘረጉትን እጅ ሰብስበው ደረታቸው ላይ አኖሩት።

ዳማ ተነሣች። ሰባተኛውን እጥፍ ማንም ሳይገፋት እያገሳች ወጣች። ይመኙሻል ጆሮዋን ለሞተሩ ሰጥታ ስለነበር፣ ትከሻዋ ላይ የነበረው ትንፋሽ መቅረቱን ያወቀችው ሆስፒታሉ በር ላይ ነው። ሐኪሙ መረመራቸውና ቀና አለ።

«ግማሽ ሰዓት ብትቀድሙ…» አለ።

የጋሽ ዘርጋው አርባ ሲወጣ ሦስቱ ሽማግሌዎች ወፍጮ ቤቱ ጥላ ሥር ተቀመጡ።

«ያለ ሞተሩ ዳማ ምንድን ናት? እኔ እንጀራዬን ሰጥቻለሁ» አለ መርሻ።

«ሞተሩማ መሬት ላይ የተጋደመ ብረት ነበር» አለች ይመኙሻል፣ የጎደለ እጇን ከነጠላው ሳታወጣ።

«ስድስተኛው ላይ ቆማ ነበር። ያወጣኋት እኔ ነኝ» አለ ልጃለም። «ምን ከፍዬ እንዳወጣኋት ታውቃላችሁ።»

ከዚያ መወቃቀስ መጣ። «ትልቁን ባታመጣ!» «አይተሽ ባትደብቂ!» «ጉሮሯቸውን ባታደርቅ!» ሽማግሌዎቹ ጢማቸውን ሲያሹ ዋሉ፤ ሲያሹ ከረሙ፤ የአንዱማ ጢም አልቆ አገጩ ቀርቷል። እስኪፈርዱ ድረስ ቁልፉን ወፍጮ ቤቱ ምሰሶ ላይ ሰቀሉት። «የነካው የተረገመ ይሁን» አሉ።

ይኸው ተሰቅሏል። በሽተኛም እንደ ጥንቱ በቃሬዛ ይወጣል። ባለፈው ሰኞ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ተሸክመው ሲወጡ ስድስተኛው እጥፍ ላይ አረፍ አሉ። መልሰው ሲያነሷት ቃሬዛው እንደ ሬሳ ከብዶ አገኙት። የድንጋዩ ክምር ከፍ ብሏል።

ይመኙሻል ዳማን ለማስነሣት ቁልፍ አያስፈልጋትም። ሽቦዎቹን ራሷ ናት የዘረጋቻቸው፤ ሁለቱን ብታነካካቸው ትነሣለች። ያን ሰኞ ቃሬዛው በወፍጮ ቤቱ ደጅ ሲያልፍ፣ እዚያው የቆመችውን የዳማን ኮፈን ከፍታ በስምንት ጣቷ ሽቦዎቹን ይዛቸው ነበር። እርግማኑን አሰበች፤ «ዳማን ሰረቀች» መባሉን አሰበች። ኮፈኑን መልሳ ዘጋችው። እንደገና ዝም አለች።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ ሽማግሌዎቹ አቅቷቸዋል። ዳማ ለማን ትገባለች? በሬዎቹን ለሰጠው፣ ጣቶቿን ለሰጠችው፣ ወይስ አባቱን ለሰጠው? ተከራከሩ፤ ግን አታርፍዱ። ከታች መንደር አንዲት ነፍሰ ጡር ወሯ ገብቷል።