ለአሥሩም አንድ ነጥብ

አንድ የመሬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበረ፤ የሰው ቅያሜ የማይችል ሰው። በየስድስት ወሩ የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ቅጽ ሲመጣ ለአሥሩም ሠራተኞቹ አንድ ዓይነት ነጥብ ሞልቶ ይፈርማል። እነሱም ይመርቁታል። ምርቃቱን እየሰማ ደግ አስተዳዳሪ ነኝ ብሎ ያምን ነበር።

ከአሥሩ መካከል መዝገብ ቤት የምትሠራ አንዲት ሴት ነበረች። የባለጉዳይ እንግልት አንጀቷን ይበላዋል። ገበሬ ከሩቅ ቀበሌ መጥቶ የይዞታ ማኅደሩን ሲጠይቃት፣ መሰላል ላይ ወጥታ ከአቧራው ጋር ትታገላለች እንጂ ሳታገኘው አትወርድም። ማንም ሳያዝዛት ያረጁትን ማኅደሮች በየቀበሌያቸው ለይታ አስራለች። አብሯት የሚሠራው ባልደረባዋ ግን ጠዋት ፈርሞ፣ ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ የሚጠፋ ነበር።

አንድ ጊዜ የቡድን መሪነት ቦታ ወጣና ሁለቱም ተወዳደሩ። ኮሚቴው ነጥባቸውን ቢያይ እኩል ነው። ስለዚህ የአገልግሎት ዘመን ቆጥሮ፣ በሁለት ዓመት የሚቀድማትን ባልደረባዋን መረጠ። ኃላፊው አዘነላት፤ ደንቡ ነው ብሎ ግን ራሱን አጽናና።

እሷም አቤቱታ አላቀረበችም። ከዚያ ወዲያ ግን መሰላሉን አልወጣችውም፤ የሚጠይቃትን ሁሉ ነገ ይምጡ ማለት ጀመረች። አንድ ሽማግሌ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ የሚያስፈልጋቸውን ማኅደር ሦስት ቀን ተመላልሰው ቢያጡት፣ የኃላፊው በር ላይ ቆመው አለቀሱ።

ኃላፊው ደንግጦ አስጠራትና እንዲህ አልነበርሽም፣ ምን ነካሽ አላት። ድምፅዋን ሳታነሳ መለሰችለት፦

«ምንም አልነካኝም ጋሼ። አራት ዓመት ሙሉ እኔና እሱ አንድ ነን ብለው ፈርመዋል። እኔም አመንኩዎት።»

የዝውውር ማመልከቻዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ወንድሜ፣ በአዲሱ ሹመትህ ላይ፣ ትጉ የነበሩት ሠራተኞቼ ለምን እጃቸው ዛለ፣ ደመወዝ አንሷቸው ነው ወይስ ሥልጠና ጎድሏቸው ብለህ ጠየቅኸኝ። ደመወዙም ሥልጠናውም ያስፈልጋል። ነገር ግን ያ ኃላፊ አንተ ነህ፤ አንተም ባለፈው ቅጽ ለሁሉም አንድ ነጥብ ሞልተህ ፈርመሃል። ዘጠኙን ላለማስቀየም ብለህ የምታስቀይማት አንዲት ሴት አለች፤ ዝም ስላለች የተቀየመች አልመሰለችህም። እኔም በጊዜዬ እንደዚያው ስፈርም ኖሬአለሁ፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። የዚህ ስድስት ወር ቅጽ ገና አልተፈረመም። ሂድና የእያንዳንዱን ሥራ አይተህ ሙላው፤ የሚቀየምህም ይቀየምህ።