የንጉሡ ኮርቻ

ተረት ተረት!

«የላም በረት» እንዳትሉኝ! ዛሬ ላም የለችም። ዛሬ «የፈረስ ጋጣ» ነው የምትሉት። እስቲ ልድገመው፤ ተረት ተረት!

«የፈረስ ጋጣ!»

እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ። በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ይቺ ተረት ሽምጥ ጋላቢ ናት፣ ወደ ኋላ የቀረ አይደርስባትም።

በድሮ ጊዜ አንድ የፈረስ አገር ነበረ። በዚያ አገር ሙሽራ የምትመጣው በፈረስ ነው። እህል ገበያ የሚወጣው በፈረስ ነው። ሰው ሲሞትም የሚለቀሰው የሟቹን ፈረስ ሸልሞ ነው። ፈረስ የሌለው ሰው እግር እንደሌለው ይቆጠር ነበር።

እዚያ ትርንጎ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ትኖር ነበር። ያላት ሀብት አንዲት ዳማ ባዝራ ብቻ ናት። ባዝራዋ የሰው እህል ገበያ ታደርሳለች፤ ትርንጎም በኪራዩ ትኖራለች። በዚያ ሰሞን ባዝራዋ ውርንጭላ ወልዳ ነበር። እግር ብቻ የሆነች ውርንጭላ!

የትርንጎ ጎረቤት ደግሞ ጎንጤ ይባላል፤ የንጉሡ የፈረስ ሹም ነው። የራሱ ጋጣ ሞልቶ ሳለ ዓይኑ ከትርንጎ ባዝራ ላይ አይነቀልም። «ሽጪልኝ» አላት። እምቢ አለችው። «በሁለት ፈረስ ለውጪልኝ» አላት። እምቢ። «እንግዲያው ታያለሽ!» ብሏት ሄደ።

አንድ ጠዋት ንጉሡ ከመኝታው ተነሥቶ «የፈረስ ድምፅ እንቅልፍ ነሳኝ» ብሎ አጉረመረመ። ያለው ይቺኑ ብቻ ነው። ጎንጤ ግን እመር ብሎ ተነሣ።

«ጃንሆይ፣ ነገሩን ለእኔ ይተዉት!»

ነጋሪት ተጎሰመ። «ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ፈረስ በከተማ አያሽካካ። ያሽካካ ፈረስ ይወረሳል!»

ሕዝቡ ጉድ አለ። ፈረስ ካላሽካካ ምን ሊያደርግ ነው? ይዘምር? ግን አዋጅ ነውና የየፈረሱን አፍ በጨርቅ አሰሩ።

ነጋሪት ደግሞ ተጎሰመ። «ስማ! ስማ! ፈረስ በከተማ አይጋልብ። የጋለበ ፈረስ ይወረሳል!»

ፈረስ ሁሉ እንደ ኤሊ መጎተት ጀመረ። አዋላጅ በፈረስ ተጠርታ ስትደርስ ሕፃኑ ተወልዶ፣ ታጥቦ፣ ተኝቶ አገኘችው!

ነጋሪት ለሦስተኛ ጊዜ ተጎሰመ። «ስማ! ስማ! ፈረስ በንጉሡ መንገድ ላይ ፋንድያ አይጣል። የጣለ ይወረሳል። ጋላቢውም ኮርቻውን በራሱ ተሸክሞ ዳገቱን ይውጣ!»

ውይ ልጆቼ! ሽበት ያላቸው ሽማግሌዎች ኮርቻ ተሸክመው ዳገት ሲወጡ ታዩ። አገሩ አፈረ። የተወረሰው ፈረስ ሁሉ የሚገባው ጎንጤ ጋጣ ነው። ጋጣው ሞልቶ ፈሰሰ።

ትርንጎ ግን ብልህ ናት። የባዝራዋን አፍ አሰረች። ቀስ እያለች ነዳች። ከጅራቷ ሥር ከረጢት አንጠለጠለች። ጎንጤ ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ፣ ጥፋት አጣባት።

ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አንድ ማለዳ ባዝራዋ አፏ ተፈትቶ ገብስ ስትበላ፣ ጎንጤ በጓሮ ገብቶ ውርንጭላዋን አንሥቶ ከአጥር ማዶ አቆማት። ውርንጭላ ጮኸች። እናት ልጇን ስታጣ ዝም ትላለች? አሽካካች!

«አሽካካች! ሰምታችኋል!» ብሎ ጎንጤ አጥሩን ዘሎ ገባ።

«ውርንጭላዬን የወሰደብኝ ማነው ታዲያ?» አለች ትርንጎ።

«አዋጁ ስለ ውርንጭላ አይልም! ፈረስ አሽካክቷል፤ አለቀ!» አላትና ባዝራዋን እየጎተተ ሄደ።

ትርንጎ አለቀሰች። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ይላሉ። እኔ እኮ ያለ ፍርድ የሄደችብኝ ጭብጦ አይደለችም፣ ባዝራዬ ናት!» አለች። ለውርንጭላዋ ከጎረቤት የለመነችውን የላም ወተት ብታቀርብላት ፊቷን አዞረች። የእናቷን ጡት ካላገኘች ትሞታለች።

ማምሻውን ወሬ መጣ። ጎንጤ ሹመት ሊያስጨምር ባዝራዋን ለንጉሡ እጅ መንሻ አድርጓታል። ንጉሡም በማግስቱ ለመስቀል በዓል በእሷ ላይ ተቀምጦ ይወጣል። ትርንጎ እንባዋን ጠረገች።

«ጎንጤ ያስተማረኝን እኔም ላስተምረው» አለች።

በማግስቱ ሕዝቡ መንገዱን ሞላው። ንጉሡ በባዝራዋ ላይ ተቀምጦ መጣ። ጎንጤ ከፊት ከፊት «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» ይላል። ትርንጎ ከዳገቱ ሥር ውርንጭላዋን ይዛ ቆማለች። ውርንጭላዋ የእናቷን ሽታ አገኘች።

«እምሂሂሂ!»

የባዝራዋ ጆሮ ቆመ። አሽካካች! አገር የሚሰማው ማሽካካት! ከዚያ ሽምጥ! የንጉሡ ዘውድ ወዲያ፣ ካባው ወዲህ! ንጉሡ ጋማዋን አንቆ ይዞ «ኧረ ያዙልኝ!» ይላል። ማን ይያዛት! ውርንጭላዋ ዘንድ ስትደርስ ቀጥ አለች። ልጅ ጡቷን ያዘች። እናትም እፎይ አለችና… ፋንድያዋን በንጉሡ መንገድ መካከል ዘረገፈችው።

ሕዝቡ ፋንድያውን ለማየት ተንጠራራ።

«ይቺን ሴት ያዟት!» አለ ጎንጤ። «ውርንጭላ ያመጣችው እሷ ናት!»

«ሹም ሆይ፣ አዋጁ ስለ ውርንጭላ አይልም ብለውኝ አልነበር?» አለች ትርንጎ። ከዚያ ለንጉሡ እጅ ነሣች። «ጃንሆይ፣ ፍርድ ይስጡኝ። አሽካካች፤ ጋለበች፤ ፋንድያም ጣለች። ከአዋጁ የቀረ አለ?»

«የለም» አለ ንጉሡ።

«ጋላቢውስ ምን ይሁን?»

ንጉሡ ከባዝራዋ ወረደ። «አዋጁ የተነገረው በስሜ ነው። ኮርቻውን አሸክሙኝ» አለ።

የንጉሥ ኮርቻ በብር የተለበጠ ነው፤ ይከብዳል! ንጉሡ ዳገቱን ተያያዘው። አንዴ አረፈ። ሁለቴ አረፈ። ሦስተኛው ላይ አንድ ሽማግሌ አጠገቡ ቆመው ውሃ ሰጡት።

«ጃንሆይ፣ ይህን ዳገት አውቀዋለሁ። እኔም ኮርቻ ተሸክሜ ወጥቼዋለሁ።»

«በምን ጥፋት?»

«ፈረሴ ፋንድያ ጥሎ።»

የንጉሡ ፊት ቀላ። «እኔ እንቅልፍ ነሳኝ አልኩ እንጂ አገሬን ኮርቻ አሸክሙልኝ አልኩ?» ብሎ ጮኸ። ኮርቻውንም አንሥቶ በጎንጤ ራስ ላይ ጫነው። «ሂድ! የወረስከውን ፈረስ ሁሉ አንድ በአንድ በየደጁ መልስ። እስክትጨርስ ኮርቻው ከራስህ አይውረድ!»

ሦስቱም አዋጆች በዚያው ቀን ተሻሩ። አገሩ በእልልታ ቀለጠ፤ ፈረሱም እንደ ልቡ አሽካካ። ትርንጎ ባዝራዋንና ውርንጭላዋን ይዛ ወደ ቤቷ ልትሄድ ስትል ንጉሡ ጠራት።

«አንቺ ብልህ ሴት፣ የእንቅልፌን ነገር ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ጃንሆይ፣ መስኮትዎን ይዝጉ» አለችው።

ለሰው ብለህ ጉድጓድ ብትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው፤ አበው እንዲህ ይላሉ።

ተረቴ ግልቢያዋን ጨርሳ ደጃችሁ ደርሳለች። ልጓሟን ያዙላት፤ ለእኔም ለደከመኝ ቆሎ ዝገኑልኝ።