የግራ እጅ ውርወራ

«አንድ ወፍ ጠባቂ ነበረ» አሉ ሼህ ይማም፣ ጥያቄውን እንደሰሙ።

የጠየቃቸው የመንደሩ ትምህርት ቤት አዲስ መምህር ነው። አራተኛ ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ አለች፤ ክፍልፋይ አልገባት አለ። ሦስት ጊዜ አስረዳት፤ አራተኛውን በቁጣ። አሁን ወደ ሦስተኛ ክፍል ሊያወርዳት ወረቀቱን ጽፎ በኪሱ ይዟል። «ጥፋቱ የማን ነው? የሷ ነው ወይስ የኔ?» ብሎ ነበር የጠየቀው። ሼሁ ወረቀቱን ልየው አላሉም። ነገሩን ቀጠሉ።

አንድ ወፍ ጠባቂ ነበረ፤ ማሽላ በሚበቅልበት ቆላ። በወንጭፍ የሚስተካከለው ሰው አልነበረም። ድንጋይ አይወረውርም፤ ድንጋይ አገዳ ይሰብራል። ከወንዝ ዳር ጭቃ እያመጣ፣ የዶሮ እንቁላል እያሳከለ ያድበለብልና በፀሐይ ያደርቀዋል። የእሱ እንክብል ከወንጭፉ ሲለቀቅ ዝቅ ብሎ ነው የሚሄደው። የማሽላውን ራስ መታው ሲባል ለጥቂት ያልፈዋል፤ ካለፈ በኋላ መሬት እንደጠላ ሁሉ ሽቅብ ይነሣል። አይተው የማያውቁ ሰዎች ሲያዩት ዓይናቸውን ያሻሉ።

እንዲህ የሚወረውረው ለጉራ አልነበረም። ግሪሳ ወፍ ከላዩ የሚወርድ ነገር ሲያይ ጭልፊት መጣብኝ ብሎ ወደ እህሉ ይጠልቃል። አንዴ ከጠለቀ ጅራፍ ብታጮህ፣ ቆርቆሮ ብትደበድብ ንቅንቅ አይልም፤ እየበላ ያዳምጥሃል። ከሥሩ የመጣበት እንደሆነ ግን ሽቅብ ይነሣል። አንዱ ከተነሣ መንጋው አብሮት ይነሣል፤ ከተነሣም አገር ለቆ ይሄዳል።

ሰውዬውን ይህን ውርወራ ያስተማረው የለም። እናት አባቱ በአንድ ክረምት ሞተውበት አጎቱ ዘንድ ነው ያደገው። አጎቱ በስምንት ዓመቱ ማማ ላይ አወጣው፤ እንዳይወርድም አንድ እግሩን ከማማው ቋሚ ጋር በጠፍር አሰረው። ሲመሽ ይመጣና ወፍ የበላውን የማሽላ ራስ ይቆጥራል፤ በቁጥሩ ልክ ይገርፈዋል። በሁለተኛው ዓመት የልጁ እንክብል ይነሣ ጀመር። እንዴት እንደተነሣ ልጁ አላወቀም። ያወቀው ግርፋቱ መቅረቱን ብቻ ነው። ካደገ በኋላ ስለዚያ ዘመን የሚጠይቀው ሰው ሲመጣ «ተምሬበታለሁ» ብቻ ይላል።

አርባ ዓመት ወረወረ። ከዚያ አንድ ነሐሴ ላይ የማማው መወጣጫ ተሰበረበትና ወደቀ። ወጌሻው ቀኝ ትከሻውን አስሮ ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠለጠለለት። «እስከ ጥር ብታንቀሳቅሳት ድሮ እጅ ነበረኝ ብለህ ነው የምታወራው» አለው።

መስከረም ሲያልቅ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት መጣች፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇን ጦይባን አስከትላለች። የሴትዮዋ ማሳ ወንዙ ዳር ነው። ወፉ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው።

«ወንድሜ፣ እጅህ እንደማይሠራ አውቃለሁ» አለችው። «ይችን ልጅ አስተምርልኝ።»

«ሴት ልጅ ወንጭፍ?»

«ወንድ ልጅ የለኝማ! ልውለድ ብልስ ለጥቅምት ይደርስልኛል?»

ሰውዬው ሊስቅ ዳድቶት ነበር፤ ተወው።

«ዘንድሮ ይሄ ማሽላ ካልገባልኝ» አለች ሴትዮዋ፣ ወደ ልጇ ሳትዞር፣ «ይችን ልጅ ከተማ ሰው ቤት ማስገባቴ ነው። የሚወስዳትም ሰው ተገኝቷል። እህሉ ከገባ ከኔ ጋር ትከርማለች። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው።»

«ነገ ጠዋት ትምጣ» አላት።

ማሽላው ወተት ሊቋጥር፣ ግሪሳውም ሊወርድበት ዐሥር ቀን ያህል ቀርቶት ነበር። ሰውዬው የሴትዮዋ ማሳ ማማ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ ልጅቷ ከታች ማሳው ጫፍ ላይ ቆመች። ወንጭፉን አሽከርክራ ለቀቀችው። እንክብሉ አንድ እርምጃ ሳይሄድ አፈሩን ገመሰው።

«አንሺው!» አላት ከላይ።

ሁለተኛውን ወደ ኋላ ለጠጥ ብላ፣ አገጯን ወደ ሰማይ አቅንታ፣ ክንዷን ሽቅብ ሰድዳ ለቀቀችው። እንክብሉ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ዞሮ የእናቷ ማሽላ ውስጥ ወደቀ። አንድ ራስ ሰበረ።

«አንሺው አልኩሽ እኮ!»

«አነሣሁት፣ ጋሼ።»

«ያ መወርወር ነው። አንሺው!»

እንዲህ ሲሉ ሰባት ቀን ሄደ። ልጅቷ ባነሣች ቁጥር እንክብሉ ወደ ሰማይ ይወጣና ከላይ ይወርዳል። ግሪሳ ቢኖር ኖሮ አንድም ሳይቀር እህሉ ውስጥ በገባ ነበር። ውሃ የሚቀዱ ሴቶች እንስራቸውን እንዳዘሉ ቆመው ያያሉ።

«ጦይባ! ሰማይ ላይ ምን ዘርታችኋል?» ትላለች አንዷ።

«ተያት፣ ደመናውን እየጠበቀች ነው» ትላለች ሌላዋ።

ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ሌላ እንክብል ታነሣለች። በሰባተኛው ቀን የአውራ ጣቷ ቆዳ ተገሽልጦ ወንጭፉ ደም ነካው፤ እንባዋም መጣ። ሰውዬው ከማማው ላይ «አጥንት የለሽም? ለማን ብለሽ ነው የምታለቅሺው?» አላት። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የማን ቃል እንደሆነ ያወቀው፤ የአጎቱ ነው። ያን ቀን በጊዜ ወደ ቤቷ ሰደዳት።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ልጅቷ ሦስት ወረወረች። ሦስቱም ማሽላው ላይ ወደቁ።

«ይብቃሽ» አለ ሰውዬው። «አይሆንልሽም። ለእናትሽ እኔው እነግራታለሁ።»

ልጅቷ ወንጭፉን አልጣለችም። ቀና ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«ስምንት ቀን ሙሉ አንሺ ይሉኛል። ምኑን ነው የማነሣው? ክንዴን አነሣሁ። ወገቤን አነሣሁ። አገጬን አነሣሁ። ከዚህ በላይ የሚነሣ ነገር የለኝም። እርስዎ የቱን ነው የሚያነሡት?»

ሰውዬው አርባ ዓመት የወረወረውን ነገር ከሆዱ ውስጥ ፈለገው፤ አጣው። እጁ ነው የሚያውቀው፤ እሱ አያውቀውም። መጀመሪያ የመጣበት ንዴት ነበር። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ማማው ላይ እንዳለ ያራቆተችው መሰለው።

ወረደ። መወጣጫውን በአንድ እጁ እየያዘ ቀስ ብሎ ነው የወረደው። ልጅቷ የምትመታ መስሏት ወደ ኋላ አለች።

«ወንጭፉን አምጪ» አላት።

«ወጌሻው ከልክሎዎት የለ?»

«የከለከለው ቀኙን ነው።»

በግራ እጁ ያዘው። በሕይወቱ አንድም ቀን በግራው ወርውሮ አያውቅም። አሽከረከረና ለቀቀ። እንክብሉ ወደ ኋላው ሄዶ የማማውን ቋሚ ጓ! አደረገው። ልጅቷ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ሳቂ» አላት። «ማን ከለከለሽ።»

ሳቀች። ውሃ ቀጂዎቹም ከመንገዱ ሆነው ሳቁ፤ «አያችሁ ሽማግሌው፣ ተማሪ ሆኖ ቁጭ!» አሉ። ሰውዬው ሰማቸው። ሌላ እንክብል አነሣ። እስከ ረፋድ ድረስ ወረወረ። አንዱ እግሩ ሥር ወደቀ፤ አንዱ ወደ ወንዙ ሄደ፤ ብዙዎቹ ልክ እንደ ልጅቷ ወደ ሰማይ ወጥተው ማሽላው ላይ ወረዱ። ክንዱ ዛለ። ጀርባውን ላብ አጠበው።

«ጋሼ፣ እርስዎም እንደኔ አገጭዎን ያነሣሉ» አለችው።

«አነሣሁ?»

«አዎ። ይለጠጣሉም።»

ቆመ። ዓይኑን ጨፈነ። በግራ እጁ ባዶውን ወንጭፍ ቀስ አድርጎ አዞረው፤ እንደሚለቅ ሰው። ያን ጊዜ በጨርቁ ውስጥ የታሰረው ቀኝ እጁ ሳይታዘዝ ተንቀሳቀሰ። ሽቅብ አይደለም። ጣቶቹ ወደ ጭኑ ወረዱ፣ የእጁ አንጓ ወደ ውጭ ዞረ፣ ደግሞ ዝም አለ። ሰውዬው እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየው። እንደገና ግራውን አዞረ፤ ቀኙ እንደገና ያንኑ አደረገ። ትከሻው አመመው፤ አልተወም። ሦስተኛ ጊዜ አደረገው።

«አላነሣም ነበር» አለ።

«ምን አሉ?»

«አንድም ቀን አንሥቼ አላውቅም። እጄ ጉልበቴ ጋ ሲደርስ ነው የምለቀው። አንጓዬን አዞረዋለሁ፤ እንክብሉ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ይወጣል። የሚነሣው እሱ ራሱ ነው። እኔ ዝቅ ብዬ ነው ያለሁት።»

«ታዲያ አንሺ አንሺ ሲሉኝ የከረሙት?»

«ተሳስቼ ነው» አላት። ይህን ቃል ለማንም ሰው ብሎት አያውቅም ነበር።

ያን ቀንና በማግስቱ ጎን ለጎን ቆመው ወረወሩ፤ እሷ በቀኟ፣ እሱ በግራው። እሱ «አገጭ!» ይላታል፤ እሷም «ወገብዎን!» ትለዋለች። ጉልበታቸውን አጥፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ የጠፋ መርፌ የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የልጅቷ እንክብል ዝቅ ብሎ ሄደና የማሽላውን ራስ ሳይነካ አልፎ ተነሣ። ሰውዬው ሌላ አቀበላት። ያኛው ወደቀ። ሌላ አቀበላት፤ ተነሣ። የእሱ ግን በግራ እጁ ያን ቀንም ከዚያም በኋላ ተነሥቶ አያውቅም።

ግሪሳው የመጣው ከታሰበው ሁለት ቀን ዘግይቶ ነው። በማለዳ ከወንዙ ማዶ ጢስ የመሰለ ነገር ተነሣና ወደ እነሱ ታጠፈ። እናትየዋ ከማሳው መሃል ቆማ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። የፊተኞቹ ወፎች የታችኛው ጫፍ ላይ አረፉ። ልጅቷ የመጀመሪያውን ወረወረች፤ ከፍርሃት የተነሣ አገጯ ቀና ብሎ ነበርና እንክብሉ ከላይ ወረደ፤ ያረፉት ወፎች ወደ አገዳው ጠለቁ። ሰውዬው አጠገቧ ነበር። አልጮኸም። «ጉልበትሽ ጋ» አላት፣ በሚሰማና በማይሰማ ድምፅ።

ሁለተኛው ዝቅ ብሎ ሄደ፤ ከማሽላው ራስ ላይ ተነሣ፤ ከሚመጣው መንጋ ሆድ ሥር ሽቅብ ወጣ። መንጋው እንደ ተገፈፈ ጨርቅ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ተነሣ። ሦስተኛውን ጨመረችለት፤ አራተኛውንም። ወፉ ማሳውን ተሻግሮ ወደ ኮረብታው አለፈ። አስቀድሞ የጠለቀው የታችኛውን ጫፍ ሁለት መደብ በላ። የቀረው ተረፈ። የከተማው ሰው በኅዳር ልጅቷን ሊወስድ ሲመጣ እናትየዋ አንድ ቁና ማሽላ ሰጥታ ሸኘችው።

ሼህ ይማም እዚህ ላይ አቆሙና ወደ መምህሩ ዞሩ።

«አንተ ክፍልፋይ የገባህ መቼ ነው?»

መምህሩ አሰበ። «እንጃ። አላስታውሰውም፣ ሼሁ። ልጅ ሆኜ ይመስለኛል።»

«እንዴትስ ገባህ?»

«እሱንም እንጃ።»

«እንግዲያው አንተ ያ ማማ ላይ ያለው ሰው ነህ። ነገሩን እጅህ ያውቀዋል፤ አፍህ አያውቀውም። አፍህ የሚለው ሌላ፣ እጅህ የሚያደርገው ሌላ። ልጅቷ ደግሞ እጅህን አላየችም፤ የሰማችው አፍህን ነው፤ የሰማችውን አድርጋ ነው የወደቀችው። አራት ጊዜ ብትጮህባት አራት ጊዜ ትወድቃለች። ጥፋቱ የማን ነው ላልከኝ፣ ሰውዬው ጦይባን ‹አይሆንልሽም› ያላት በቀኝ እጁ እያሰበ ነው፤ ያችን ልጅ ያወቃት በግራው ሲወረውር ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ያችን የአራተኛ ክፍል ልጅ አውቃታለሁ። ስፌት ስትሰፋ አይቻታለሁ፤ እጇ ሥራ ያውቃል። ቅዳሜ ቤታቸው ሂድና ‹ሰፌድ አስጀምሪኝ› በላት።»

«ወንድ ሆኜ ስፌት? መንደሩ ምን ይለኛል!»

«ይስቅብሃል። እሷም ትስቃለች፤ ይሳቁ። ‹እንዲህ ነው፣ ቀላል ነው› ትልሃለች፤ አንተ ምንም አይታይህም፤ ወስፌው ጣትህን ይወጋሃል። ያን ጊዜ ዓይንህን ከስፌቱ አንሣና እሷ ምን እንደምታደርግ እይ። ትቆጣለች? እጅህን ይዛ ታሳይሃለች? ከየት ትጀምርልሃለች? ያየኸውን ይዘህ ሰኞ ክፍልህ ግባ። ከዚያ በኋላም ልጅቷ ትውረድ ካልክ፣ ያን ወረቀት ይዘህ ና፤ እኔም እፈርምልሃለሁ።»