የእብሬ የማሽላ ጉድጓድ

ምቀኛ ሲያጋጥማቸው ሽማግሌዎች የሚመዙት አንድ ተረት አለ። ሌላው አገር የእኔ ነው ቢልም እኛ ይፋቶች አንለቅም፤ የተነሳው ከመንደራችን፣ ከእብሬ ደጅ ነውና።

እብሬ ማሽላውን ከአውድማ እንዳነሳ ሸጦ ጨረሰ። ጎረቤቱ ሙሄ ግን ጉድጓድ ከቶ እስከ ክረምት አቆየና በደህና ዋጋ ሸጦ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ። ከዚያ ወዲህ እብሬ እንቅልፍ አጣ። ፀሐይ በወጣች ቁጥር ቆርቆሮው ያብለጨልጫል፣ እሱ ይራገማል። ቅናት እንዲህ ነው፤ የሰው ጣሪያ ያማረ እንደሆነ የራስህ ቤት የሚያፈስ ይመስልሃል።

በዓመቱ የሙሄን እጥፍ የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፈረ። የራሱን ማሽላ ከተተ፣ የሌላውንም እየገዛ ጨመረ፤ ግማሹን እንኳ አልሞላለትም። “ዘንድሮ ዝናብ የለም አሉ” ብሎም አስወራ። ገበሬው “እብሬ ያልሸጠው የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው” እያለ እህሉን ቀበረ። ገበያው ባዶ ሆነ፣ የእህል ዋጋ ሰማይ ነካ።

ሴቶች ቁና ይዘው ደጁ ሲመጡ “ገና ነው” ብሎ ይመልሳቸዋል።

“ኧረ እብሬ፣ አላህን ፍራ! ልጆች ጦም እያደሩ ነው” አለችው ሚስቱ ዘሙ።

“ይወደድ! ፎቅ ነው የምሠራው፤ ጥላው የሙሄ ቆርቆሮ ላይ የሚያርፍ!”

አንድ ቀን ሙሄ ጉድጓዱን ከፍቶ ለሴቶቹ በዓምናው ዋጋ ይሰፍር ጀመር። ምርቃታቸው እብሬ ጆሮ ደረሰ።

“ዋጋዬን ሊሰብርብኝ! እሱ ብቻ ሊመረቅ! እኔም ዛሬውኑ አውጥቼ እሸጣለሁ!” ብሎ ብድግ አለ።

በእኛ አገር የማሽላ ጉድጓድ ተከፍቶ ሳያድር አይገባበትም፤ የታፈነው ትንፋሹ ሰው ይገድላል። እብሬ ይህን ከልጅነቱ ያውቃል። ግን ቅናት የት ያስችለዋል? ክዳኑን አንስቶ፣ ግድግዳውን እየረገጠ ወረደ።

ዘሙ ብትጠራው ዝም አለ።

“ድረሱልኝ! ባሌ አለቀ!”

ሙሄ ስፍሩን ጥሎ ሮጠ። የጉድጓዱን ትንፋሽ በጋቢ እያራገቡ ካስወጡ በኋላ ሙሄ የራሱን ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ሊወርድ ሲል ገመዱ አጠረ፤ ለራሱ ጉድጓድ የተለካ ነበራ። ያን ጊዜ እብሬ የመለሳቸው ሴቶች መቀነታቸውን እየፈቱ ቀጠሉለት። ሙሄ ወረደ፤ እብሬን አዝሎ “ሳቡ!” አለ። ሴቶቹ ሳቡ።

እብሬ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ፣ ብዙ ቆይቶ ሳል አለ። ዘሙ እልል አለች። አባ ጌትዬ፣ የመንደሩ ሽማግሌ፣ ወደ ጉድጓዱ አጎንብሰው ጥልቀቱን አዩና ወደ እብሬ ዞረው፣ “ልጄ፣ ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው” አሉ።