የዘንድሮው ቋንቋ

አቶ መዝሙር የሚባሉ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ባለቤት በየዓመቱ አንድ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ይመርጡና «ሥራ የሚያስገኘው ይኸ ብቻ ነው» ይላሉ። ዘንድሮ የመረጡት ፓይተንን ነው። ለመመዝገብ የመጡት ወጣቶች ሲያመነቱ ባዩ ጊዜ፣ የግቢውን ጥበቃ ከበር አስጠርተው መሀል አቆሙት።

«እስቲ እዩት» አሉ። «ምክሬን ያልሰማ ሰው መጨረሻው ይኸው ነው። ንገራቸው እንጂ።»

ጥበቃው ከደረት ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ሰርተፍኬት አወጣ። የአቶ መዝሙር ፊርማ አለበት።

«ጋሼ፣ እኔማ ሰምቼዎት ነበር» አላቸው። «ካቻምና ጃቫ ተማሩ ሲሉን ተማርኩና ይኸው የፊት በሩን እጠብቃለሁ። አምና ፒኤችፒ ሲሉ የሰማዎት ጓደኛዬ የጓሮውን በር ይዟል። ዘንድሮ ፓይተን ለሚማሩት ግን ግቢው ሦስተኛ በር የለውም።»