የጃርት ልጆች ማለዳ

ተረት ተረት፤ «የላም በረት» የሚል ባይኖርም ተረቱ ይነገራል።

ዝናቡ አባርቶ መስከረም ሲጠባ እናት ጃርት ጨነቃት። ልጆቿ ክረምቱን ሙሉ ሌሊት ሲፈነጩ፣ ቀን ሲተኙ ከርመዋል፤ የእመት ጦጣ ትምህርት ቤት ግን የሚከፈተው በማለዳ ነው። ዓምና በማርፈድ ተባረዋል። ዘንድሮም ከተባረሩ በዚያ ጫካ ሌላ ትምህርት ቤት የለም።

«አያ አውራ ዶሮ፣ እባክህ ቀስቅስልኝ» አለችው።

«መጮኹን ለእኔ ተዪው፤ ፊት ማጠቡ ግን የአንቺ ድርሻ ነው።»

በነጋታው ጮኸ። ልጆቹ እየተነጫነጩ ተነሡ። እናታቸው ፊታቸውን አጥባ፣ እሾኻቸውን አበጥራ ከሁሉ ቀድማ አደረሰቻቸው። ጦጣ በሩ ላይ ተቀምጣ ሙዝ ትልጣለች።

«ቆዩ፤ የአያ አንበሳ ደቦል ሳይመጣ ደወል አይደወልም።»

ቆዩ። ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ አዘቀዘቀች። ደቦሉ እያዛጋ ሲደርስ ጃርቶቹን በተቀመጡበት እንቅልፍ ጥሏቸዋል። ጦጣ ደወሉን ደወለች።

«ጎበዝ፣ በሰዓቱ መጣህ» አለችው ደቦሉን። ወደ ጃርቶቹም ዞራ «እናንተ እንቅልፋሞች! ነገ ከደገማችሁ ተባራችኋል!» ብላ ወደ ቤታቸው ሰደደቻቸው።

እናት ጃርት ግራ ገባት። ቢያረፍዱም መባረር፣ ቢማልዱም መባረር ሆነባት።

ጎህ ሲቀድ ዶሮው መጣ። «ልጩህ?»

«መጀመሪያ አንበሳ ቤት ሄደህ ጩህ።»

ዶሮው ክንፉን ሰበሰበ። «እሜቴ፣ እዚያ ጮኾ የተመለሰ ዶሮ ታውቂያለሽ?»

አታውቅም። ልቀስቅሳቸው ወይስ ላስተኛቸው እያለች ስታወላውል ረፈደ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦው ይቅር።