በቁም የተነፋ ጡሩምባ

አንድ የእድር ጡሩምባ ነፊ ነበር፤ ስሙ ድንበሩ ይባላል። የሚኖርባትን ከተማ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ሰው ሲሞት ድንበሩ ማለዳ ተነስቶ ጡሩምባውን እየነፋ በየመንደሩ ይዞራል፤ ከዚያም ለቀስተኛውን አንድ በአንድ ይቆጥራል። «እገሌ ቀርቷል» ካለ ቀርቷል ማለት ነው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ቆጠራው አንድም ጊዜ አልተሳሳተም።

አንድ ክረምት ከተማዋ ወጣት መሐንዲስ አስመጣች። መሐንዲሷ ከወንዙ ላይኛው ጫፍ ውሃ የሚለካ መሣሪያ ተከለች። ወንዙ ሲሞላ መሣሪያው ጎርፉ ከመድረሱ ከአንድ ሰዓት በፊት ለነዋሪው ሁሉ «ወጥታችሁ ድልድዩን ጥረጉ» የሚል የስልክ መልእክት ይልካል። የእድሩ ዳኛ አቶ ሽብሩ ይህን ሲያዩ፣ «እንግዲህ ለቅሶም በስልክ ይነገር፤ ድንበሩም ይረፍ» አሉ። ድንበሩ ግን ጡሩምባውን እንደ ወትሮው ወልውሎ ሰቀለው።

ሐምሌ ላይ የመጀመሪያው መልእክት መጣ። ሰዉ አየት አድርጎ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ፤ ሁሉም «ሌላው ይወጣል» ብሎ ነበር። ድልድዩ ጋ የተገኙት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። የድልድዩን አፍ ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ወትፎት ስለነበር ውሃው መውጫ አጥቶ አሥራ ዘጠኝ ቤት ገባ። የአንድ ሸማኔ መሥሪያ ጉድጓድ ከነድሩ በጭቃ ተሞላ።

መሐንዲሷ አንገቷን ደፋች። «መሣሪያዬ አልተሳሳተም፤ በሰዓቱ ተናግሯል።»

«ተናግሯል ልጄ» አላት ድንበሩ። «ግን ያልመጣውን ማን ቆጠረው?»

«የእርስዎ ጡሩምባ ታዲያ በምን ያስወጣቸዋል? ከስልክ በላይ ይጮሃል እንዴ?»

«በጩኸቱ አይደለም። ጡሩምባ ተነፍቶ የቀረ ሰው በማግስቱ ‹የት ነበርክ?› ይባላል። ለዚያ ነው የሚወጣው። ያንቺን መልእክት የናቀውን ማን ጠየቀው?»

ከዚያ ጎርፍ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መሐንዲሷ እየሮጠች ደረሰች። «አባባ፣ የዛሬው ካለፈው ይበልጣል!»

ድንበሩ ጡሩምባውን አወረደ፤ እጁ ግን ያዝ አደረገው። ሞት ሳይኖር ጡሩምባ መንፋት ሟርት ነው፤ አቶ ሽብሩም ያባርሩታል። በልቡ ቆጠረ። ውሃው ከበለጠ አርባ ቤት ይገባል፤ ከአርባው በሦስቱ አራስ ተኝታለች። ነፋው።

ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግር ብሎ ወጣ። «ማን ሞተ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ጎርፍ እየመጣ ነው፤ ማንም እንዳይሞት ነው የጠራኋችሁ።»

«አንተ ሟርተኛ! በቁማችን ጡሩምባ ነፋህብን?» አቶ ሽብሩ ጮኹ።

«ጋሼ፣ አንዴ ወጥተዋል፤ ባዶ እጅዎን ከሚመለሱ አካፋ ይያዙ። ሁለት መቶ ሰማንያ ሰው ቆጥሬያለሁ፤ እርስዎ ሁለት መቶ ሰማንያ አንደኛ ነዎት።»

አንዱ ሳቀ፤ ሳቁ ተዛመተ። መሐንዲሷ ስልኳን እያየች፣ «ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ቀርቶናል!» አለች። ሰዉ ወደ ድልድዩ ወረደ። ስልሳ አንድ ጆንያ ቆሻሻ ወጣ። ጎርፉ እያጓራ መጣ፤ በድልድዩ ሥር አለፈ፤ የአንድም ቤት ደጃፍ አልረጠበም።

አቶ ሽብሩ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ቆሙ። አካፋቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «ድንበሩ» አሉ፣ «ዛሬ ማን ቀረ?»

«ሰባት ሰው።»

«ነገ እኔው ራሴ እጠይቃቸዋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ በዚያች ከተማ ለሞት አንድ ረጅም፣ ለወንዝ ሁለት አጭር ጡሩምባ ይነፋል። ሰዉ በበጋ ወንዙን ይጠርጋል፤ በዳርቻውም ቀርከሃ ተክሏል። በቀጣዩ ክረምት መሣሪያው ሦስት ጊዜ ተናገረ፤ ድንበሩም ሦስት ጊዜ ነፋ። በሦስተኛው ሰዉ አካፋውን ይዞ ቢወርድ ከድልድዩ ሥር የሚወጣ ቆሻሻ አጣ፤ እየተሳሳቀም ወደ ቤቱ ተመለሰ።

መሣሪያ የሚመጣውን ያሳየናል እንጂ አካፋ አያነሳልንም። ከተማን የሚያኖራት ያወቀውን ይዞ የሚወጣ ሰው፣ የቀረውንም «የት ነበርክ?» የሚል ጎረቤት ነው። ለቀብር ከመጠራራት ለኑሮ መጠራራት ይቀድማል።

እርስዎስ፣ የሰፈርዎ ወንዝ ሲጣራ የት ነበሩ?